አባን ማን ይቀድማል

ምላሴ ክፉ ነው፤ ይህን የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። ጠማማውን ድንጋይ ጠማማ ነው እላለሁ፣ ጠማማውንም ሰው እንዲሁ። ስለዚህ በሰፈራችን ሰርግ ላይ ከእኔ ጋር አንድ ገበታ መቅረብ የሚወድ የለም። ፊደል የቆጠርሁት አርባን ካለፍሁ በኋላ ነው፣ እዚያው ሰፈራችን ባለች አንዲት የጎልማሶች መማሪያ ክፍል። ከእኔ በኋላ ሚስቴ ገባች። እሷ ግማሹን ሳትጨርስ የክረምት ነፋስ የክፍሏን ቆርቆሮ ገንጥሎ ገደል ከተተው፤ ትምህርቱም ቆመ። "አንተ ጋዜጣ ታነባለህ፣ እኔ መንገድ ላይ ቀረሁ" ትለኛለች፣ በቀን ሦስት ጊዜ።

የታንኳ ቀዘፋው ወሬ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የላሊበላ አስጎብኚዎችና ባለ ሆቴሎች ተሰብስበው፣ ወደ ተከዜ በሚወርደው መንገድ ባለው የመስኖ ግድብ ላይ የበጎ አድራጎት ውድድር አዘጋጁ። አምስት ሰፈር፣ አምስት ታንኳ፣ በየታንኳው ሁለት ሰው። የተሰበሰበው ገንዘብ በሙሉ አንደኛ ለሚወጣው ሰፈር ነው፤ ያሻውን ይሥራበት። የእኛ ሰፈር የክፍሉን ጣሪያ አለ። ታንኳዎቹ በአይሱዙ ተጭነው በጋሸና በኩል ሲገቡ አይቻለሁ፤ ቀይና ቢጫ ፕላስቲክ ናቸው። አንዱ ጎረቤቴ "እሰይ፣ የከብት ማጠጫ ገንዳ መጣልን" ብሎ ነበር።

እኔ እገባለሁ አልሁ። ሚስቴ ናት ያስባለችኝ። ሁለተኛ ሰው ግን ጠፋ። አንዱ ወገቤን አመመኝ አለ፣ አንዱ ውሃ አልወድም አለ፣ አንዱ ደግሞ ፊት ለፊት "ካንተ ጋር ከምቀመጥ ብሰምጥ ይሻለኛል" አለኝ። ይሄኛውን አከበርሁት። በመጨረሻ የደብራችን አባ ተነሡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።

"እኔ በልጅነቴ ተከዜ ዋኝቻለሁ፤ ከሱ ጋር እቀመጣለሁ" አሉ። "ለኃጢአቴም ንስሐ ይሆነኛል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ልምምድ አንድ ጠዋት ብቻ ነበር። እኔ በቀኝ በኃይል ስገፋ፣ አባ በግራ ውሃውን ዳሰስ ዳሰስ ሲያደርጉት፣ በሬ አውድማ ላይ እንደሚዞር ስንዞር አረፈድን።

የውድድሩ ዕለት የግድቡ ዙሪያ ሰው በሰው ሆነ። ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አለበሱን፤ አባ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ሰደርያውን ከጋቢያቸው በላይ ደረቡት። መስቀላቸውንም ይዘው ገቡ። ከዳር አንዱ "ይሄ ሰውዬ ከወደቀ ውሃው ይመርራል፣ ከብቶቻችሁን አርቁ!" ብሎ ጮኸ። ደግ አደረገ፤ እየሰማሁ ሲሰድቡኝ ደስ ይለኛል።

መንገዱ ቀላል ነው፤ ማዶ የተንሳፈፈች ቢጫ ጄሪካን አለች፣ እሷን ዞሮ መመለስ። ፊሽካው ተነፋ። እኛ እዚያው ሁለት ጊዜ ዞርንና ቀጥ አልን። የቀደሙንም እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ ይሉ ስለነበር ወዲያው ደረስንባቸው። አጠገባችን ባለው ታንኳ የነበረ አንድ ጢማም ገበሬ ዞር ብሎ አባን ሲያይ መቅዘፊያውን አስቀመጠ።

"አባ፣ ይባርኩኝ።"

አባ መስቀሉን ዘረጉለት። ሊሳለም ጎንበስ ሲል ታንኳው ተገለበጠና ከነጓደኛው ውሃ ገባ። ውሃው እዚያ ጋ ከወገብ አያልፍም። ብድግ አለ፣ አፉን ጠረገ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ቆሞ መስቀሉን ተሳለመ። አባ "እግዜር ይባርክህ፣ በል አሁን ታንኳህን አቃና" አሉት። ከዳር የተነሣውን ሳቅ ገደሉ አስተጋባው።

ከዚያ ወዲያ ፊታችን ማንም አልነበረም። ጄሪካኗን ቀድመን ዞርን። ድንጋይ የሰበረ ክንድ ይሄው ሠራ ብዬ ኮራሁ። ወደ ኋላ ሳይ ግን አራቱ ታንኳዎች ተሰልፈው ይከተሉናል፤ ታቦት እንደሚያጅብ ሰው፣ ቀስ ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው። ሴቶቹም ከዳር እልል ይላሉ።

"ምን ትጠብቃላችሁ? እለፉ እንጂ!" አልኋቸው።

"አባን ቀድመን?" አለ ያ የወደቀው ገበሬ፣ ጢሙ እያንጠባጠበ። "ነውር አይደለም እንዴ!"

"ውድድር ነው፣ አንተ በግ!"

"ብቻህን ብትሆን እንኳን ልቀድምህ፣ በላይህ ላይ አልፍ ነበር!"

ሚስቴ ከዳር ሆና "ዝም በልና ቅዘፍ! ጣሪያው!" ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። ዝም ካልሁ ጣሪያው የእኛ ነው። አባ ጆሯቸው ከብዷል፤ የሆነውን አላወቁም። "ጎበዝ፣ እየመራን ነው አይደል?" ይሉኛል ደስ ብሏቸው። የግድቡ እኩሌታ ቀርቶናል። አፌን ያዝሁ። ትንሽ ያዝሁ። አልቻልሁም።

"አባ፣ እርስዎን አፍረው ነው የቀሩት። ይሄ ምጽዋት ነው።"

"ምን አልህ?"

ጮክ ብዬ ደገምሁላቸው። አባ መቅዘፊያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና እንደ ምንም ወደ ኋላ ዞሩ። ታንኳው ሲንገዳገድ በሁለት እጄ ጠርዙን ጨበጥሁ። እሳቸው መስቀሉን ከፍ አደረጉ።

"ስሙኝ ልጆቼ! ጉልበት እያለው እኔን አፍሮ ከኋላዬ የሚቀር ካለ፣ ገዝቻለሁ! በግዝት ይዣችኋለሁ! ቅዘፉ!"

በካህን መገዘት በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ከዚያ ግድቡ ፈላ። ውሃው ፊታችን ላይ ይረጫል፣ ታንኳ ከታንኳ ይላተማል። አንዱ በጎናችን ሲያልፍ "አባ ይፍቱኝ!" ይላል፤ አባም "ይፍታህ! ፍጠን!" ይሉታል። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ "አንተስ ምን ትሠራለህ፣ ግፋ እንጂ! ግዝቱ አንተን አይይዝም ያለህ ማነው?" አሉኝ። ጥምጥማቸው ተፈቶ ከኋላችን ውሃው ላይ ይጎተታል። ያኔ ሳቅ ያዘኝ። እንዲያ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም፤ ሆዴን እስኪያመኝ፣ መቅዘፊያው ከእጄ ሊያመልጥ እስኪደርስ።

ሦስተኛ ወጣን። አንደኛ ያ የወደቀው ገበሬ ነው። ሰፈሩ ምንጩን በሲሚንቶ ያሠራበታል፤ ይጠጡት፣ አልመቀኝም። እንደረጠበ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝና "ምላሰኛ፣ ያን ባትናገር ኖሮ ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው ከኋላችሁ ስናዘግም እንውል ነበር" አለኝ።

ሚስቴ ግን ጋቢ ወረወረችብኝ። "ላንድ አፍታ አፍህን መዝጋት አቃተህ። ጣሪያዬን በላኸው።"

ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ።

አባ ጥምጥማቸውን እየጨመቁ ይሰሙ ነበር፤ የሚስቴን ጩኸት የከበደ ጆሮም አያጣውም። "ክፍሉ እስኪሠራ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ተማሩ" አሉ። ሰንበቴ ቤት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለች አዳራሽ ናት፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ይበላባታል፣ ይጠጣባታል፣ ሌላ ቀን ዝግ ናት።

"አዳራሿ ስድስት ቀን ሙሉ ባዶዋን እየዋለች፣ ይሄን ለመናገር ውሃ እስክንገባ ይጠብቃሉ?" አልኋቸው።

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ። "ነፋሱን ሰደብህ፣ ቀበሌውን ሰደብህ፣ ቆርቆሮውን ሰደብህ። አንድ ቀን 'አባ፣ ቦታ አለዎት?' ብለኸኝ ታውቃለህ?"

ሚስቴ ያኔ ሳቀች፤ ጋቢውን ከትከሻዬ ነጥቃ አፏን እስክትሸፍንበት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሰሌዳውን ተሸክሜ ሰንበቴ ቤቱ አደረስሁ። ተማሪዎቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ጥግ ይዤ ልቀመጥ ስል ሚስቴ በአገጯ በሩን አሳየችኝ።

"አንተ ጨርሰሃል። ውጣ፣ ቦታ አታጣብብ።"

ወጣሁ። ግድግዳውን ተደግፌ በመስኮቱ ስታነብ ሰማኋት። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ ሁለቱንም ጊዜ ምንም አልተናገርሁም።