አብሯት ቤት የሚቀይር ተከራይ

አባቴ የእናቴን ክንድ የሰበረው ቅዳሜ ጠዋት፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረው አፓርትመንታችን ውስጥ፣ በካውያ ነው። ፊቷን ልትከልል እጇን ስታነሳ ብረቱ ክንዷ ላይ አረፈ። ካውያው የጋለ ስለነበር ቆዳዋም አብሮ ተላጠ። ጥፋቷ ሸሚዙን አለመተኮሷ ነበር፣ ይሄ ጥፋት ከተባለ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጩኸቷን የሰማች የታች ቤት ጎረቤት ፖሊስ ጠራች።

ፖሊሱ እናቴን፣ «ይሄ ሰው ምንሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት። እንግሊዝኛ ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። የተሰበረውን ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ፣ ፊቴን ሳታይ መለሰች።

«ተከራይ ነው በይው።»

«እማ!»

«በይው አልኩሽ! ባሌ ነው ካልሽው ዲፖርት ያደርጉታል፤ ወደ አገር ቤት ይመልሱታል። ቤታችን ይፈርሳል።»

አልኩት። አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ነው አልኩት። ፖሊሱ የሁለቱንም መታወቂያ አገላብጦ አየ። እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፤ እሷ በአባቷ ትጠራለች፣ እሱም በአባቱ። ፈረንጅ ግን ሚስትን በባሏ ስም መፈለግ ስለለመደ፣ ስማቸው አለመገናኘቱን ሲያይ አመነኝ። የእኔን ሙሉ ስም ቢጠይቀኝ ኖሮ ነገሩ ያበቃለት ነበር፤ ከስሜ ቀጥሎ ያለው የዚያ «ተከራይ» ስም ነበርና። አልጠየቀኝም። የተከራይ ጠብ ብሎ ጽፎ አባቴን ይዞት ሄደ። እናቴ መክሰስ አልፈልግም ስትል በማግስቱ ለቀቁት።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አባቴ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ በጀሶ የታሰረውን ክንዷን እያዩ፣ «እንግዲህ ልጄ፣ ቻይው። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» አሏት። እርቅ ወረደ ተባለ። አባቴ ለወር ያህል ሰው ሆነ፤ ከዚያ ፀጉሯን በጭብጡ ነቀለ፣ ከዚያ የመኪና በር ጣቶቿ ላይ ዘጋ። የቀረውን ቤት ይቁጠረው። ፖሊስ በመጣ ቁጥር እኔ ያንኑ ቃል አስተረጎምኩ። እያደግሁ ስሄድ እሱን መግደል እመኝ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም።

አድጌ የያዝኩት ሥራ እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ጎረቤት ከተማ፣ በአንድ የጥናት ማዕከል ነው። የፖሊስ፣ የድንገተኛ ሕክምና እና የሞት መዝገቦችን የምናገኘው የተመረጡ ሰዎችን ሳይሆን የአካባቢውን ነዋሪ በሙሉ ይዘው ነው። ስም ከእኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ይነሳል፤ ሰው ሁሉ ቁጥር ይሆናል፣ የሁለት ሰዎች የቤተሰብ ስም አንድ መሆን አለመሆኑ ብቻ ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። እኔ አንዱን መዝገብ ከሌላው አያይዤ የቤት ውስጥ ድብደባ የት እንደሚበዛ አወጣለሁ። በውጤቱ መሠረት ረዳት ሠራተኞች ወደየሰፈሩ ይላካሉ፣ መጠለያ ይከፈታል።

ይህን ከሚቆጥረው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሕጎች አንዱን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። መዝገቡ «ተከራይ» ብሎ ከጻፈ እና የሁለቱ የቤተሰብ ስም የተለያየ ከሆነ፣ ጠቡ የባልና ሚስት አይደለምና ከቆጠራው ይውጣ የሚል ነው። የእናቴ ልጅ ሆኜ፣ ያንን ቃል በገዛ አፌ ተናግሬ፣ ይህን መጻፌን ዛሬም ለራሴ ይቅር አላልኩም። ውጤቱ ሲወጣ የእኛ ሰው የሚበዛባቸው ሰፈሮች ካርታው ላይ ነጭ ሆኑ፤ ድብደባ የለም ማለት ነው። ደስ አለኝ። እንዲያውም ኮራሁ!

ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ አዳራሽ ውጤቱን ለማኅበረሰቡ እንድናቀርብ ተጠራን። ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ለመጠንቀቅ ያህል፣ ከቆጠራው ያስወጣኋቸውን መዝገቦች ከፈትኩ። አንዲት ሴት ጥርሷ ረግፏል፤ የመታት ተከራይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አድራሻዋ ተቀይሯል፤ የጎድን አጥንቷን የሰበረው ያው ተከራይ ነው። እንደገና ቤት ቀይራለች፣ ተከራዩም አብሮ። ቀጣይዋም እንደዚያው፣ የሚቀጥለውም ገጽ። የትኛው ተከራይ ነው አከራዩን ተከትሎ ከቤት ቤት የሚዞር? አንገታቸውን ከታነቁት ውስጥ ደግሞ ቀጥሎ ቁጥራቸውን የሞት መዝገብ ላይ ያገኘሁት ነበሩ። 

ያስጨነቀኝ የእነሱ ነገር ብቻ አልነበረም። እናቴ አሁንም ከአባቴ ጋር ነበረች። በዚያ ሰሞን ልጠይቃት ስሄድ በአሜሪካ የሐምሌ ሙቀት አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ አገኘኋት። «ብርድ መትቶኝ ነው» አለችኝ። ማነቅ ጀምሯል ማለት ነው። ከማነቅ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አሁን አይቻለሁ።

ስህተቴን ለአለቃዬ ነገርኳት። አሜሪካዊት ናት፣ ደግ ሴት። «እንግዲያው ቅዳሜ ያንኑ ንገሪያቸው» አለች።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እናቴና አባቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሻርፑ አልተፈታም። ካርታው ገና ሲታይ ያኔ ያስታረቁት ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ተመስገን! የእኛ ሰው ሚስቱን አይመታም። ልጃችን ይኸው በሳይንስ አረጋገጠችልን!»

አዳራሹ አጨበጨበ። አባቴም አጨበጨበ። ያንን እጅ ሳይ ደሜ ፈላ።

«አባባ፣ ካርታው ውሸት ነው» አልኳቸው ሽማግሌውን። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ባሎቹን ተከራይ ናቸው ብዬ ከቆጠራው አስወጣኋቸው። የመጀመሪያውን ውሸት ለፖሊስ ያስተረጎምኩትም እኔ ነኝ፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ። እርስዎም ያውቃሉ፤ የታሰረ ክንዷን አይተዋል!»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ብድግ ብሎ የእናቴን ክንድ ጨመደደ፤ ያንኑ የሰበረውን። «ተነሺ! እንሂድ!» እያለ ጎተታት፤ ወንበሩ ከስሯ ተገለበጠ። እኔ ሌላ ወንበር አንስቼ ነበር። አናቱን ልፈልጠው ነው ያነሳሁት፣ አልዋሽም።

አለቃዬ ቀድማኝ መሃላቸው ገባች። አማርኛ አትሰማም፤ ያየችው አንዲት ሴት ስትጎተት ብቻ ነው። እናቴን፣ «ይሄ ሰው ምንሽ ነው?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት።

ወንበሩን አስቀምጬ ላስተረጉም አፌን ስከፍት፣ እናቴ ዝም በይ ብላ በእጇ አስቆመችኝ። ሻርፑን ፈታች። የአምስት ጣት ሰንበር አንገቷ ላይ ጠቁሯል።

«ሂ ኢዝ ማይ ሀዝባንድ» አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጻፊው» አለችኝ።