ውሃ እምቢ ያልኩበት ዘመን

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነች ሰሞን አንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ቤተሰቦቼ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አቦቦ አካባቢ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ግራ እግሬን በልጅነቴ ልምሻ ስለያዘኝ የምሄደው በክራንች ነው። ያን ጊዜ በከተማው አማርኛ አቀላጥፎ በታይፕ የሚመታ ሰው ጠፍቶ ስለነበር፣ እግሬን ዐይተው ቅር ያላቸውም ዝም አሉና ተቀጠርኩ። ቤታችን ውስጥ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው አያምነኝም እንጂ፣ በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውሃ አልጠጣም ነበር። ምክንያቱ ሽንት ቤቱ ነው። የተሠራው ከግቢው ጀርባ፣ ወደ ባሮ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ዝናብ ሲጥል ጥቁሩ አፈር እንደ ሳሙና ያዳልጣል። እንደምንም ቢደረስም ውስጡ ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ቁጢጥ ማለት የማይችል ሰው የሚይዘው ነገር የለም። በተቀጠርኩ ሰሞን አንድ ቀን እዚያው ውስጥ ወደቅሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አልተርክም። ቀሚሴን አጥቤ፣ እርጥቡን ለብሼ ማሽኔ ፊት ተቀመጥኩ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ጭቃ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ከቤቴ ወጥቼ እስክመለስ ድረስ ጠብታ ውሃ በአፌ አይዞርም። ከሰዓት በኋላ ራሴን ያዞረኛል፤ ፊደሉ ይደበላለቅብኛል፤ አንዳንዴም ማሽኑ ላይ እንደተደፋሁ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል።

የቢሮው ተላላኪ በዕድሜ እናቴን የምታህል የአኝዋ ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከእንስራው ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታ ለሁሉም ታዞራለች። እኔ ዘንድ ስትደርስ «ጾም ነው» እላታለሁ። እሷ ፕሮቴስታንት ስለሆነች የእኛን ጾም አታውቀውምና ለጥቂት ጊዜ አዋጣኝ። ነገር ግን ፋሲካ አለፈ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ እኔ አሁንም ጾመኛ ነኝ። አንድ ቀን ደገኛው ሒሳብ ሹም በሰው ፊት «አንቺ ልጅ፣ ጾምሽ መፍቻ የለውም እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ኩባያውን ይዛ ትንሽ ቆመችና ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ስታዞር እኔን እየዘለለች ማለፍ ጀመረች። ከፍቶኝ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ተገላገልኩ ነው ያልኩት።

በዚያን ጊዜ ግምገማ የሚባል ነገር ነበር። ሠራተኛው በሙሉ ማንጎው ሥር ይሰበሰባል፤ አንድ በአንድ እየተነሳ የራሱን ድክመት ይናገራል፤ ከዚያ ሌላው ይጨምርለታል። ድክመት የለብኝም የሚል ሰው ድክመቱ ሁለት ይሆናል። ተራዬ ሲደርስ ሥራ ላይ ማንቀላፋቴን ተናገርኩና ልቀመጥ ስል ኃላፊያችን አስቆመኝ። ከዚህ በፊት አስተማሪ የነበረ፣ እዚያው ጋምቤላ የተወለደ ወጣት ነው።

«ሌላም አለ» አለኝ፤ ወደ ተላላኪዋ ዞሮ «እናቴ፣ ተናገሪ» አላት።

ሴትዮዋ ተነሳች። «እኔ ውሃ ሰጠሁ፣ እምቢ አለች። ሻይ ሰጠሁ፣ እምቢ አለች። የሌላ ሰው ቤት ሄዳ ትጠጣ ይሆናል። የእኛ እጅ ነው የጠላችው።»

ከወዲያ በኩል አንዱ «ትምክህት!» አለ። ደገኛ ሆኖ የአገሬውን ሰው የሚንቅ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው እንጀራው አለቀ ማለት ነበር። ሒሳብ ሹሙ ጎንበስ ብሎ «ተቀበዪው፤ ከተቀበልሽ ይቅርታ ይደረግልሻል» ብሎ ሹክ አለኝ።

አፌ ደርቋል። እውነቱን ልናገር ብል ያ ሁሉ ወንድ ተቀምጧል፤ ምን ብዬ እጀምራለሁ? አባቴ «ዝም አይነቅዝም» ይል ነበር። «አዎ» አልኩ። «ትምክህት ነበረብኝ። ሂሱን እቀበላለሁ።»

ኃላፊው እሰየው እንዳለ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሴትዮዋ ግን አልተቀመጠችም። ትክ ብላ ዐየችኝ። «እኔ ዛሬ እዚህ ‹ውሸት ነው፣ አልናቅሁሽም› የምትይ መስሎኝ ነበር» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ መሄድ ጀመረች።

እናቴን የምታህል ሴት ጥላኝ ስትሄድ የማደርገው ጠፋኝ። «ሽንት ቤቱ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ፈንድቶ ሳቀ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል። ዓይኔን ክራንቼ ላይ ተክዬ ቁልቁለቱን፣ ቀዳዳውን፣ የወደቅሁበትን ቀን፣ ውሃ የማልጠጣበትን ምክንያት ሁሉ ተናገርኩ። ሴትዮዋ ተመልሳ መጥታ አግዳሚው ላይ፣ እኔ ጎን ተቀመጠች። የቀሚሴን ጫፍ አስተካከለችልኝ።

«ይሄ እኮ ቀላል ነገር ነው! ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም?» አለ ኃላፊው። ቀላል! ለእሱማ ቀላል ነው፤ በሁለት እግሩ ሄዶ በሁለት እግሩ ይመለሳል። ንዴቱ ሳይሆን አይቀርም ድፍረት የሰጠኝ፤ ቆሜ ሳለሁ የምፈልገውን ነገርኩት፤ ሜዳው ላይ፣ ከቢሮው አጠገብ፣ መቀመጫና መያዣ እንጨት ያለው።

«ይሠራልሻል» አለ፤ ደግነቱ ቃሉን አላጠፈም። ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ መቀመጫው በሲሚንቶ ተሠራ፤ ጣራው በአዲስ ቆርቆሮ ተመታ። ወደዚያ በሄድኩ ቁጥር ግቢው በሙሉ የት እንደምሄድ ያውቃል። ቢመለከቱኝም ባይመለከቱኝም እኔ ጀርባዬ ላይ ዓይን ይሰማኛል። ቢሆንም እጠጣለሁ፤ እሄዳለሁ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ጓጉንቸር ገባበት። በከተማው እንደዚህ ያለ ንጹሕ ሽንት ቤት ስለሌለ፣ ለኃላፊውና ለእንግዶች እንዲሆን ተወስኖ ኖሯል። ቁልፉ በኃላፊው ኪስ ነው። ሁለት ቀን ወደ ድሮዬ ተመለስኩ፤ ውሃ ተውኩ። በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ኩባያውን ስታቀርብልኝ «አይ» ልላት አልቻልኩም። ጠጣሁ። ጠጥቼም ብዙ አልቆየሁም፣ ተነስቼ የኃላፊውን ቢሮ አንኳኳሁ።

ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ከበውት ተቀምጠዋል። ሁሉም ዞረው ዐዩኝ። ፊቴ እሳት ሆነ።

«የሽንት ቤቱን ቁልፍ ፈልጌ ነው» አልኩ።

«እንግዶች አሉ እኮ እህቴ፤ ትንሽ ቆየት ብለሽ...»

«እንግዶቹም ይጠቀሙበት። የተሠራው ግን ለእኔ ነው፤ መቆየት አልችልም።»

አንደኛው እንግዳ ክራንቼን ዐየ፤ ኃላፊውን ዐየ፤ ከዚያ ሻዩን ያማስል ጀመር። ኃላፊው አንዱን ኪሱን ፈተሸ፣ ሌላውን ፈተሸ። አንገቱ በላብ ረጥቧል። በእኔ እግር ምክንያት ሌላ ሰው ሲያፍር ያን ቀን ነው ያየሁት። እኔም እንዳፈርኩ ቁልፉን ተቀብዬ ወጣሁ። ቁልፉንም ከዚያ ወዲያ አልመለስኩለትም።