ከማድቤቱ በር ጀርባ የተሰቀሉ ቁልፎች

እትዬ አደራ ጠዋት ከአልጋ እንደወረዱ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ ከማድቤቱ በር ጀርባ ይቆማሉ። እዚያ ምስማር የተመታበት ጣውላ አለ። በየምስማሩ የጎረቤት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ ባለቤቱን ይጠራሉ።

«የመምህሩ። የመንትዮቹ እናት። የፋርማሲስቷ። የጋሽ ኮረኮንች።»

«አደራ» የወጣላቸው ስም ነው። የሕንፃው ሰው ትርፍ ቁልፉን እሳቸው ዘንድ ያስቀምጣል፤ ለጥቂት ቀን ሲሄድ አበባ ያጠጡለታል፣ መስኮት ይከፍቱለታል። ጡረታ እስኪወጡ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። የማሽኑ ጩኸት ግማሽ ጆሯቸውን ወስዶታል። ለራሳቸው ያንሾካሾኩ ሲመስላቸው ሌላው ሰው ጥርት አድርጎ ይሰማቸዋል። ይህን የነገራቸው የለም።

ቁልፎቹ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። «ሌባ ቢገባ እንኳ የቱ የማን እንደሆነ በምን ያውቃል?» ይላሉ። በዚህ ይኮሩ ነበር።

ልጃቸው አግብታ ስትወጣ ክፍሏን ለአንድ ተማሪ አከራዩ። ዝምተኛ ልጅ ነው። የበላበትን ሳህን ያጥባል፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ሲወጣ «እትዬ፣ ከውጭ የማመጣልዎ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የመንትዮቹ እናት «ከየት አገኙት? ለእኔም አንድ ይፈልጉልኝ» ብላቸው ነበር።

መጀመሪያ የጠፋችው የሟች ባለቤታቸው ትንሽ ራዲዮ ነበረች። ተማሪው አብሯቸው ፈለገ፤ ተንበርክኮ አልጋ ሥር ሳይቀር አየ። «አንድ ቦታ አስቀምጠው ረስተዋት ይሆናል፤ ዕድሜም አለ እኮ እትዬ» አላቸው። አመኑት። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን የራሳቸውን ጭንቅላት ሲጠራጠሩ ሰነበቱ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን ጣታቸው የፋርማሲስቷ ቁልፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። የቁልፉ ጥርስ ወደ ምድጃው ዞሯል። እሳቸው ሁሉንም የሚሰቅሉት ጥርሱን ወደ መስኮቱ አድርገው ነው፤ በሆስፒታሉ የልብስ መስቀያ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ካልዞረ አለቃቸው አስወርዳ እንደገና ታሰቅላቸው ነበርና እጃቸው ሌላ አያውቅም።

ፋርማሲስቷ ታማ የተኛች እናቷን ልታስታምም ሄዳለች። ቁልፉን ስትሰጣቸው «የሰማይ የምድር አደራ፣ እትዬ» ብላለች። የውኃ ማጠጫውን ይዘው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ። በሩ በደንብ ተቆልፏል። አበባው ደህና ነው፣ መጋረጃው ደህና ነው። ጠረጴዛው ላይ ስስ አቧራ አለ፤ በአቧራው መካከል ላፕቶፑ የነበረበት ቦታ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል። ቦታውን ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉና አሻራ ፈርተው መልሰው ሰበሰቡት። ወዲያው ደግሞ በዚያ ቤት የእሳቸው ጣት ያልነካው ነገር እንደሌለ ትዝ አላቸው።

ሲመለሱ ተማሪው ሻይ እየጠጣ ነበር።

«አበባ ሊያጠጡ ሄደው ነው?»

«አዎ ልጄ።»

«የሚያጠጡት ሐሙስ ሐሙስ አልነበረም እንዴ?»

«ሙቀቱ በረታ ብዬ ነው።»

«እውነትዎን ነው፣ በርትቷል» አለ። ብርጭቆውን አጠበ፣ አደረቀ፣ ቦታው መለሰው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታቸው እንግዳ ሆነባቸው። ከሁሉ የከፋው የእግሩን ኮቴ አለመስማታቸው ነው። ሽንኩርት እየከተፉ ዞር ሲሉ ከኋላቸው ቆሞ ያገኙታል፤ «ላግዝዎ?» ይላል። የመኝታ ቤታቸውን በር በወንበር መደገፍ ጀመሩ። ወንበሩ ቢወድቅም እንደማይሰሙት ያውቃሉ፤ ቢሆንም ይደግፉታል።

በመጨረሻ ምድር ቤት ለሚኖሩት የአውቶቡስ ሹፌር ነገሩ። ሹፌሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ንግግራቸው እንደ ኮረኮንች መንገድ ስለሚያንገጫግጭ ሕንፃው ሁሉ ጋሽ ኮረኮንች ይላቸዋል።

«ከቤትሽ አባሪው!» አሉ።

«ቁልፉ ያለው እኔ እጅ ነው። እሱን ባባርረው ሰው ማንን ይጠይቃል?»

«አንቺን።»

«ሰው የሚያጽናኑት እንዲህ ነው?»

«መጽናናት ከፈለግሽ ሚስቴን ልጥራልሽ፤ እኔ የማውቀው ፍሬን መያዝ ብቻ ነው።» ትንሽ አሰቡ። «ቆይ፣ ቁልፎቹ ምልክት የላቸውም ስትይ አልነበር? የትኛው የማን እንደሆነ ማን ነገረው?»

«ነገ ራሱን አናግረዋለሁ፤ እርስዎ ደረጃው ላይ ይቁሙልኝ» አሉ እትዬ አደራ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ደረጃው ላይ ቆሙ። እትዬ አደራ የውጩን በር ገርበብ አድርገው ተማሪውን ወደ ማድቤት ጠሩት።

«ልጄ፣ ያን ዕቃ መልሰው። ማንም ሳይሰማ።»

«የምን ዕቃ?»

«ታውቀዋለህ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር። የማድቤቱን በር ሳብ አድርጎ ጣውላው ፊት ቆመና ቁልፎቹን በጣቱ እየነካ፣ በእሳቸው አነጋገር፣ በእሳቸው አተነፋፈስ፣ «የመምህሩ። የመንትዮቹ እናት። የፋርማሲስቷ። የጋሽ ኮረኮንች» አለ።

ቀጥሎም «ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ይኸው ነው» አላቸው። «ግድግዳው ስስ ነው፣ እትዬ።»

ለካ አንድ በአንድ ያስጠኑት እሳቸው ነበሩ።

«ቁልፉ እርስዎ ቤት ነው። ገብተው የሚወጡት እርስዎ ነዎት። ሰው አደራ በላች የሚለው ማንን ይመስልዎታል?» ድምፁ ለስላሳ ነበር። «እኔ ትምህርቴን ስጨርስ እሄዳለሁ። እስከዚያ ዝም ብንባባል ለሁለታችንም ደግ ነው።»

እትዬ አደራ ዝም ብንባባል ያላትን ቃል አሰቧት። ነገ ጠዋትም እዚህ ቆመው ቁልፍ ሊነኩ ነው፣ እሱ ከግድግዳው ማዶ እያዳመጠ። ቀጥሎ የመምህሩ፣ ቀጥሎ የመንትዮቹ እናት። ስማቸው ሳይነካ፣ ጎረቤቱ «ተባረኩ» እያላቸው። ሽርጣቸውን ዘርግተው ቁልፎቹን ከየምስማሩ እያወለቁ ይከምሩ ጀመር።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ፈጠነ። አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ቀረበ። ከደረጃው ላይ ጋሽ ኮረኮንች ጮክ ብለው ሳሉ፤ ተማሪው ቆመ።

መጀመሪያ የመምህሩን በር አንኳኩ።

«መምህር፣ ቁልፍዎን ይያዙ። በርዎንም ሌላ ቁልፍ ያስገቡለት። ከቤቴ ሌባ አለ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ያሳወቅሁት እኔው ነኝ።»

መምህሩ ቁልፉን አየ፣ ከዚያ እሳቸውን አየ። «ከእኔ ቤት የጠፋ አለ?»

«አላውቅም።»

በሩን ዘጋ። መቀርቀሪያው ሲገባ በዚያ ጆሯቸው ሳይቀር ሰሙት። የመንትዮቹ እናት ልጆቿን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ ቁልፏን ተቀበለች፤ ይግቡ አላለቻቸውም። ጋሽ ኮረኮንች «የእኔን ተይው፣ ከእኔ ቤት የሚሰረቅ ሰው ሠራሽ ጥርሴ ብቻ ነው» አሉ።

«አይሆንም፣ ይውሰዱት።»

ወሰዱት።

በሹፌሩ ስልክ ለፋርማሲስቷ ደወሉ። ሁሉንም ሳያስቀሩ ነገሯት። «እትዬ፣ እኔ እኮ ያመንኩት እርስዎን ነበር» አለች። ከዚያ የምትመጣበትን ነገረቻቸው።

ቤት ሲመለሱ የተማሪው ክፍል ተዘግቶ፣ ጫማው እንደ ወትሮው በር ላይ ተደርድሮ ነበር። ጣውላው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ጋሽ ኮረኮንች ከቤታቸው ወንበር አምጥተው በኮሪደሩ ተቀመጡ።

ፋርማሲስቷ ነገ ጠዋት ከፖሊስ ጋር ትመጣለች።