ጠመኔ የሚጨርሱት ልጆች

እኔ የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ የሚለው ለስሙ ነው እንጂ ከእኔ በታች ያለችው የመጋዘኗ ድመት ብቻ ናት። ጠመኔው፣ ዳስተሩ፣ መጥረጊያው፣ የተሰበረው ወንበር ሳይቀር በእኔ ፊርማ ይገባል፣ በእኔ ፊርማ ይወጣል። መምህራኑ «ቋጣሪው» ይሉኛል፤ እየሰማሁ እንዳልሰማሁ አልፋለሁ። የማወራው ግን ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ እትዬ ነው።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እዚያው ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል ልጆችን እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት አልፏታል። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የጫማ ክር ማሰር ያስተማረችኝም፣ ስዋሽ ጆሮዬን የቆነጠጠችኝም እሷ ናት። ስለዚህ ዓይኗ እየከዳት መጥቶ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ብርሃንና ጥላ ብትለዪ ነው» ሲላት፣ ምስጢሩን የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ለማንም እንዳትተነፍስ» አለችኝ። «ይህን ዓመት እነዚህን ልጆች ልጨርሳቸው። ከክፍል ካስወጡኝ ምን ቀረኝ? ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ልዳብስ?»

ጠዋት ጠዋት ክንዴን ይዛ እስከ ግቢው በር ትመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ብቻዋን ናት። ከበሩ እስከ ክፍሏ ስልሳ ሁለት እርምጃና ሦስት ደረጃ ነው። ልጆቹን በድምፃቸው ትለያቸዋለች። ደብተራቸውን በምሳ ሰዓት መጋዘን ውስጥ ተደብቀን እኔ ፊደል በፊደል አነብላታለሁ። በእንግሊዝኛ የተነሳ ስምንተኛ ክፍልን የደገምኩት ሰውዬ፣ ፀጉሬ ሸብቶ ግስ ላይ አይ-ኤን-ጂ መጨመር ተማርኩ።

የምታስተምረው እንዲህ ነው። አይ-ኤን-ጂ ሦስት ሆነው የሚመጡ እንግዶች ናቸው ትላቸዋለች። ሜክ የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ድምፅ የሌላት ኢ ተቀምጣለች፤ እንግዶቹ ሲመጡ ወንበሯን ትለቃለች። ሲት የሚለው አጭር ቃል ደግሞ ሦስቱን ብቻውን መቀበል ስለሚፈራ የመጨረሻዋን ቲ መንታ ያደርጋታል። ፕሌይ ግን ደፋር ነው፤ ሳይቀንስም ሳይጨምርም «ግቡ» ይላቸዋል።

ከዚያ አንዱን ልጅ ታስወጣና ለሰሌዳው ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። ጆሮዋ ግን ጠመኔው ላይ ነው። ቲ ሁለት ጭረት ናት፤ ረዥሟ ወደ ታች፣ አጭሯ ወደ ጎን። ሁለት ቲ ከሆነ አራት ጭረት ይሰማል። ኢ ስትወጣ ደግሞ ጣት ሰሌዳውን ሲጠርግ ይሰማል። «አንተ ቸኳይ፣ ኢዋን እኮ አላስወጣሃትም» ትላለች ዞር እንኳ ሳትል። መምህራኑ «ይቺ ሴት ከኋላዋም ዓይን አላት» እያሉ ይደነቁ ነበር። ይህን ስሰማ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ ይመጣብኝ ነበር።

እኔን የሚያበሳጨኝ ጠመኔው ነው። ሌላው ክፍል አንዱን ፓኬት ሳምንት ያቆየዋል፤ የእሷ ልጆች በሁለት ቀን ድምጥማጡን ያጠፉታል።

«እትዬ፣ ልጆችሽ ጠመኔ ይበላሉ እንዴ?»

«እጃቸው ከባድ ነው፤ ምን ላድርጋቸው» አለችኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ዘንድ ሁለቱም አሉ። በወሩ ሪፖርት ላይ የአራተኛ ክፍል ጠመኔ ከልክ በላይ እንደሚባክን ጽፌ አስገባሁ።

ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው። ሪፖርቱን አነበቡና በቁጣ ፈንታ ስጦታ ይዘው መጡ፤ ለትምህርት ቤቱ የደረሰውን አንድ ነጭ ሰሌዳ ከነማርከሩ ለእትዬ ክፍል ፈቀዱ። «ለአንጋፋዋ መምህር ይገባታል» አሉ። ዓርብ ከሰዓት ጥቁሩን ነቅዬ ነጩን የሰቀልኩት እኔው ነኝ። ማርከሩን ለመሞከር አንድ መስመር አሰመርኩ። ምንም ድምፅ የለውም። እጄ እዚያው ሰሌዳው ላይ ቀረ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚሉት ለካ ይህንን ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ ነገርኳት። «እንግዶቹ መጡ» አለች። «እንግዲህ ወንበር መልቀቅ የእኔ ተራ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ አዲሱን ሰሌዳ ሊያዩ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። እኔ መፍቻ ይዤ የመስኮት ማጠፊያ የማጠብቅ መስዬ ውጭ ቆምኩ። እትዬ አንዱን ልጅ ጠርታ ሲት የሚለውን ከነእንግዶቹ እንዲጽፍ አዘዘችው። ልጁ ጻፈ። ምንም አይሰማም።

«ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ ቲቸር።»

ለእኔ ከመስኮቱ ይታየኛል፤ ቲዋ አንድ ብቻ ናት። እትዬ «ጎበዝ፣ ተቀመጥ» አለችው።

ዝንብ ሲወድቅ እንኳ የሚስቁት ሠላሳ ስምንት ልጆች፣ አንዳቸውም አልሳቁም። ርዕሰ መምህሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። አለቀላት አልኩ። ያን ጊዜ ራሴንም ሪፖርቴንም ጠላሁ።

ከፊተኛው ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ ሳትጠራ ተነሣች። ልጁ የጻፈውን አጠፋችና እንደገና መጻፍ ጀመረች። በቀኝ እጇ አንድ ፊደል ስትጽፍ በግራዋ ሰሌዳውን አንድ ጊዜ ታንኳኳለች። ሌላ ፊደል ትጽፋለች፣ ታንኳኳለች። እትዬ ጀርባዋን እንደሰጠች ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ እየቆጠረች ነው።

«ሰባት» አለች በመጨረሻ። «የእሱስ ስንት ነበር?»

«ስድስት ነበር ቲቸር። አንድ ቲ ረስቶ ነው።»

እትዬ ወንበሯን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?»

የመለሰው ያው የተሳሳተው ልጅ ነው። «ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ። እንዲሰማዎት ብለን ጠመኔውን ጫን አድርገን ነበር የምንጽፈው። ይሄኛው ግን ቢጫኑትም አይሰማም።»

ብክነት ብዬ የፈረምኩበት ይህ ነበር። አፈርኩ፤ ልጆቹ ከእኔ የተሻለ ምስጢር ጠባቂ ነበሩ።

ርዕሰ መምህሩ ወጥተው በሩ ላይ አገኙኝ። «አንተም ታውቅ ነበር?»

«እህቴ ናት» አልኳቸው።

«ለሚቀጥለው ዓመት ቃል አልገባም» አሉ። «ይህን ዓመት ግን ከልጆቿ ጋር ትጨርስ። ጥቁሩ ሰሌዳ የት ነው ያለው?»

በምሳ ሰዓት በጀርባዬ ተሸክሜ መለስኩት። ጠረጴዛዋ ላይም አንድ ሙሉ ካርቶን ጠመኔ አስቀመጥኩ። እትዬ በእጇ ዳበሰችውና «የት ጋ ልፈርም?» አለችኝ።

«መፈረም አያስፈልግም» አልኳት። ይህ ቃል ከአፌ የወጣው ያን ቀን ብቻ ነው።