ቀይ ክር የታሰረባቸው ጫጩቶች

ታናሽ እህቴ ከቀራንዮ ስትደውል ሰመራ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር።

«እታለም፣ ጫጩት የምትከትበዋን ሴትዮ ቀጠቀጧት!»

ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገብቶ ከሰፈሩ ዶሮ ብዙውን አንገቱን እያጠማዘዘ ፈጀው። ሰዎቹ የሞቱትን በፌስታል ይዘው ጠዋት በሯ ላይ ጠበቋት።

«ውሃ ነው ያንጠባጠብሽልን!»

«ኧረ በመድኃኔዓለም፣ መድኃኒት ነው!»

«እንግዲያ አንቺው ጠጪው!»

አንዱ የሞተ ዶሮ ፊቷ ላይ ወረወረ። ሌላው ክትባቱን የምትይዝበትን የበረዶ ሳጥን በእርግጫ ሰበረ። ሦስተኛው ከአጥር እንጨት ነቅሎ ቀኝ እጇ ላይ አሳረፈው፤ የክትባቱን ጠብታ ጫጩቱ ዐይን ላይ የምትጨምርበት እጇ ላይ። ከወደቀችም በኋላ ረገጧት። እህቴ አጥንቱ ሲሰበር በጆሮዋ ሰምታለች።

«ያለቁት የትኞቹ ናቸው?» አልኳት።

«ሴትዮዋ ደም በደም ሆናለች እያልኩሽ ስለ ዶሮ ትጠይቂያለሽ?»

«ንገሪኝ።»

«እግራቸው ላይ ቀይ ክር ያለባቸው። ነጭ ክር ያለባቸውማ ከዚያው ጠርሙስ ተከትበው ደህና ናቸው።»

ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት እዚያው ቀራንዮ ጫጩት ማስፈልፈያ ቤት እሠራ ነበር። ሁለት ማሽን ነበረን፤ ጫጩቶቹን የሰፈሩ ሰው ይገዛናል። ከአዲሱ የወጡትን ነጭ ክር አስራቸዋለሁ፣ ከአሮጌው የወጡትን ቀይ። አዲሱ ባትሪ አለው፤ አሮጌው ግን መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ካላስነሱለት ይቀዘቅዛል። በወሩ መድኃኔዓለም መብራት ሲጠፋ ነጠላዬን ለብሼ በሩ ላይ ነበርኩ። ቅዳሴው እንዳያመልጠኝ «አሁን ይመጣል» ብዬ ሄድኩ። ተመልሼ አንዱን እንቁላል የዐይኔ ቆብ ላይ ሳስነካው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ጄኔሬተሩን አስነሣሁና ደብተሩ ላይ ሙቀቱን እንደ ወትሮው ጻፍኩ። ከቅዳሴ መልስ፣ እህል እንኳ ሳልቀምስ ዋሸሁ። ኋላ ጫጩቶቹ እየተንጫጩ ሲወጡ ደግሞ «ተመስገን» አልኩ።

እዚህ የማውቃትን የእንስሳት ሐኪም ጠየቅኳት።

«በሽታ የሚከላከለው አካሉ እንቁላል ውስጥ ገና ሲሠራ የተጎዳ ጫጩት ሲያዩት ጤነኛ ነው» አለችኝ። «ሲከተብ ግን ሰውነቱ ትምህርቱን በደንብ ላይቀበል ይችላል። በድርቅ ጊዜ ካረገዘች ፍየል የተወለደ ግልገልም፣ በክፉ ውሃ የተፈለፈለ ዓሣም ይኸው ሊደርስበት ይችላል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሳላያቸው እንዴት ልማል? ግን ክትባቱ ውሃ ቢሆን ኖሮ ነጮቹም ባለቁ ነበር።»

ለማስፈልፈያው ባለቤት አመንኩ። ለሴትዮዋም ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ጣቶቿ እስካሁን አይታጠፉም፤ «ውሃ ሻጯ» እያሉ ስለሚያሟትም ለክትባት የሚጠራት የለም። «ለእኔማ ምን ይሠራል? ለእነሱ ንገሪያቸው» አለችኝ።

እናም በዚያ ጠዋት በሯ ላይ የነበራችሁ፣ የመታችሁም ቆማችሁ ያያችሁም፣ እንቁላሉን ያቀዘቀዝኩት እኔ ነኝ። ሌላ ጫጩት ስትገዙ ወደ እሷ ይዛችሁ ሂዱ፤ በዚያው በር፣ ሰው እያየ። ጠርሙሱን በግራ እጇ ትይዛለች። ጫጩቱን እናንተ ያዙላት።