ለእባቦቼ የነደደ ፋኖስ

በደርግ ጊዜ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ስዛወር፣ የሳይንስ መምህርት ነበርኩና ሦስት እባቦች በቅርጫት ይዤ ነው የወጣሁት። መርዝ የሌላቸው፣ አይጥ የሚበሉ ቡናማ እባቦች ናቸው። የሮቢት ገበሬዎች ከማሽላ ክምር ሥር ሲያገኟቸው ከመግደል ይልቅ ለእኔ ማምጣት ለምደው ነበር፤ ለተማሪዎች አሳያቸዋለሁ። እናቴ አንድም ቀን አልወደደችልኝም። «አላህ በሆዱ ሂድ ያለውን ፍጥረት አንቺ ቤት ትሠሪለታለሽ» ትለኝ ነበር።

ሮቢት ለእባብ ማሞቂያ የሚያስብ የለም፤ የአገሩ ሙቀት ራሱ ይበቃል። ደብረ ሲና ግን ከጣርማ በር የሚወርደው ጉም ገና ከቀትር በኋላ መስኮቱን ይሸፍነዋል፤ የሳይንስ ክፍሉ ወለል ደግሞ ሲሚንቶ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት እባቦቼ እንደተጠቀለሉ ቀሩ። አይጥ ሳቀርብላቸው ምላሳቸውን እንኳ አላወጡም።

ከዕቃ ቤት አራት መሳቢያ ያለው የተጣለ የመዝገብ ሣጥን አገኘሁ። ሦስቱን መሳቢያ ለእባቦቹ አደረግሁ። የታችኛውን አውጥቼ በባዶው ቦታ ፋኖስ አስቀመጥኩ፤ ለጭሱ ከኋላ ቀዳዳ አበጀሁ። ከፋኖሱ በላይ በቆርቆሮ ዝርግ ላይ አሸዋ አለበስኩ። መጀመሪያ ፋኖሱን መሐል ላይ አድርጌው ነበርና የአንዱ እባብ ሆድ ተቃጠለ። እንደዚያ ነው ስሕተቴን ያወቅሁት። እባብ ሲበርደው የሚጠጋበት ሙቅ ጥግ፣ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቀዝቃዛ ጥግ ያስፈልገዋል። ፋኖሱን ወደ ቀኝ ጠጋ አድርጌ፣ ክሩን ዝቅ አድርጌ፣ ቴርሞሜትር እየከተትኩ ለካሁ። በአራተኛው ቀን ሦስቱም በሉ። ላምባው ከቀበሌ የሚደርሰኝ የራሴ ድርሻ ነበር፤ እኔ በሻማ አነብ ነበር።

ዳይሬክተራችን ካኪ የሚለብስ፣ ንግግር የሚወድ ወጣት ነበር። አንድ ቀን ተማሪዎች ፊት መሳቢያ ስቦ ከፈተና እባቡን ሲያይ ዘሎ ወደ ኋላ ሄደ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ያንን ፈገግታዬን አልረሳልኝም።

ለአረፋ ፈቃድ ወስጄ ሮቢት ወረድኩ። ከመሄዴ በፊት ሁለቱን አበላኋቸው፤ ሦስተኛዋ ቆዳዋን ልትልጥ ስለነበር አልበላም አለች። ፋኖሱን ሞልቼ፣ ላምባ እንዲጨምርበት ለዘበኛው አደራ ሰጠሁ። በአምስተኛው ቀን ስመለስ ሣጥኑ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ፋኖሱ የለም። የበላ እባብ ሙቀት ካጣ ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ሁለቱ ሞተው ሸተዋል። ሦስተኛዋ ባዶ ሆዷን ስለነበረች ተርፋለች።

ዘበኛው መሬት መሬት እያየ፣ «ጓድ ዳይሬክተር ናቸው የወሰዱት። አንተ አያገባህም አሉኝ» አለኝ።

ቢሮው ገባሁ። ፋኖሴ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ አልበራም። እሱ ጠረጴዛው ሥር ከሰል የሞላ ፈርኔሎ አስቀምጦ እግሩን ያሞቃል።

«ሰፊው ሕዝብ ላምባ አጥቶ አንቺ ለእባብ ታነጃለሽ?» አለኝ።

«የራሴ ድርሻ ነው፣ ጓድ።»

«የቀረውንም ከዚያ ክፍል አስወጪ። በጽሑፍ ይደርስሻል።»

በማግሥቱ ደብዳቤው መጣ፤ እባቡ ከሳይንስ ክፍል ባስቸኳይ እንዲወጣ ይላል። ወዴት እንደሚወጣ አይልም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያለቀስኩት ለሞቱት ነበር፤ ደብዳቤውን ሳነብ ግን እንባዬ ደርቋል።

የመምህራን ስብሰባ የሚደረገው ሰኞ ጠዋት በእሱ ቢሮ ነው። ደብዳቤው በደረሰኝ ሳምንት ሰኞ የፈላ ውኃ በጠርሙስ ሞልቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ እባቧን ከጎኑ አስተኛኋት። ስትነቃቃ፣ ስትጠማዘዝ ጠበቅሁ። ዳይሬክተሩና መምህራኑ ለባንዲራ ሲወጡ ቢሮው ገብቼ፣ ከፈርኔሎው በላይ ያለውን የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፍቼ አስገባኋት።

ስብሰባው ሲጀመር ዳይሬክተሩ ስለ ዲሲፕሊን ለረዥም ጊዜ ተናገረ። ከዚያ ማስታወሻውን ሊያወጣ እያየን እጁን መሳቢያው ውስጥ ከተተ። እሷም ሞቅ ብሏታልና በእጅጌው ላይ ቀስ ብላ ወጣች። ወንበሩ ላይ ዘሎ ቆመ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ እናቱን ጠራ። ልነሣ እችል ነበር። እጆቼን አጣጥፌ፣ ፊቱ አመድ እስኪመስል ድረስ ተቀመጥኩ። ፍርሃቱን ማየት ጠጥቼ እንደማልጠግበው ውኃ ነበር።

በመጨረሻ አንሥቼ ጋቢዬ ውስጥ ከተትኳት።

«ይህ ፀረ አብዮት ተግባር ነው» አለ፣ ገና ከወንበሩ ሳይወርድ።

በዚያ ዘመን ያ ቃል ሰው ያሳስር ነበር። «ደብዳቤው ከሳይንስ ክፍል ትውጣ ነው የሚለው። ወጥታለች» አልኩ።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሸምገል ያሉ የሒሳብ መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጓድ፣ ፈርኔሎው ነው የጠራት። ብርድ ላይ የተጣለ ፍጥረት ሙቀት ይፈልጋል። ሪፖርት ሲጻፍ ወንበሩም ሳይጻፍ አይቀርም» አሉ። አንዲት መምህርት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሪፖርቱ አልተጻፈም።

እባቧን ሮቢት አውርጄ፣ ከአባቴ ማሽላ ማሳ ዳር ለቀቅኋት። ሣጥኑን ዳግም አላሞቅሁትም።

እሱ ከዚያ በኋላ መሳቢያ ከመክፈቱ በፊት በማስመሪያ ይመታው ጀመር። በቢሮው በር ሳልፍ ኳ ኳ ሲል እሰማለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማሁት፤ አንድም ቀን አላሳዘነኝም። እናቴ ነገሩን ስትሰማ፣ «ለአላህ ብለሽ አውፍ በይው፣ ይቅር በይው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ለእሷ ብዬ ነው እሺ ያልኩት፤ ልቤ ግን እስከ ዛሬ አውፍ አላለውም።