ጉንቮር ያቃናችው ቁራጭ

ባለቤቴ ጉንቮር ቁርስ ላይ የምትቆርጥልኝ ጠጣር አይብ በውስጡ አሳልፎ ጋዜጣ ያስነብባል፤ ይህን ያህል ስስ ነው! ምን ታድርግ? በከተማችን ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በቀዶ ጥገና የወጣ አካል ሰም ውስጥ ከትታ አጠንክራ ከፀጉር አቅጥና ስትቆርጥ ኖራለች። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚፈርደው እሷ በቆረጠችው ላይ ነው።

ባለፈው መጋቢት የእህቴ የቶሩን ማህፀን በካንሰር ምክንያት በዚያው ሆስፒታል ወጣ። የቀረው ጥያቄ፣ ካንሰሩ ወደ ማህፀኑ ግድግዳ ምን ያህል ዘልቋል የሚለው ነበር። ሐኪሟ እንደነገረቻት ከግማሽ በታች ከሆነ ቀዶ ጥገናው ይበቃታል፤ ካለፈ የጨረር ሕክምና ይከተላል።

እኔ ግን አላስችል አለኝ።

«እስቲ እግረ መንገድሽን እዪልኝ» አልኳት ጉንቮርን።

«ምኑን?»

«የቶሩንን ነዋ!»

«አብደሃል? በዚህች ከተማ ሁሉም ሴት የአንዱ አክስት ናት። እኔ የማየው ቁጥር ነው፤ ስም ያለበትን ወረቀት ገልብጬ ነው የምሠራው። ደግሞ እኔ ቆራጭ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም።»

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ከሰዓት ቶሩን ጫማዋን በር ላይ ሳታወልቅ ወጥ ቤታችን ድረስ ዘው አለች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ከግማሽ በታች ነው! ጨረር የለም!»

እኔ ጮህኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«መጀመሪያ ሲያዩት የዘለቀ መስሎ ነበር አሉ። ለካ ቁራጩ ሰሙ ውስጥ ተጋድሞ፣ በሰያፍ ስለተቆረጠ ነው ጠልቆ የታየው! ላቦራቶሪ ያለች አንዲት ሴት አልዋጥላት ብሎ፣ ማንም ሳያዛት ሰሙን አቅልጣ፣ አቅንታ እንደገና ቆረጠችው።»

ጉንቮር ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

«አንቺ ነሽ!» አለቻት ቶሩን።

«እኔ እንጃ። እዚያ የምንቆርጠው አራት ነን።»

«ባትሆኚም ነይ፣ ልቀፍሽ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እህቴ ስታቅፍ አጥንት ይንቋቋል።

ጉንቮር ከእቅፏ ስትወጣ መነጽሯን አቃናች።

«ማክሰኞ ዕለት አንድ የተጋደመ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «የማን እንደሆነ አላውቅም። ግን በደንብ አድርጌ ነው ያቃናሁት።»

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ራሷን ስታሞግስ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።